ምዕራፍ 7፦ የሚፈረፈር፣ የሚቆረጥ፣ የሚለጠጥ

ከአሶሳ የሚወጡ ሁለት መንገዶችን ተከትለን እንጀምር። አንደኛው ወደ ምሥራቅ፣ ወለጋን አቋርጦ፣ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ ባሉ ገበያዎች የሚሸጠው አይብ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ነጭ፣ ጨው ያልነካው፣ በጣት ሲይዙት የሚፈረፈር፣ በጥቂት ቀን ካልተበላ የሚበላሽ። ሁለተኛው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኩርሙክ ላይ ከሱዳን ድንበር ይደርሳል። ከድንበሩ ማዶ ሌሎች ሁለት አይቦች አሉ። ጂብና በይዳ የሚሉት በጨዋማ አጓት ተነክሮ በቆርቆሮ ለወራት ይቀመጣል፤ ሲፈለግ በቢላ ተቆርጦ ይቀርባል። ጂብና ሙደፈራ የሚሉት ደግሞ ጥቁር አዝሙድ ገብቶበት በእጅ የተጎነጎነ ነው፤ ሲስቡት በቀጭን በቀጭኑ እየተላጠ ይለያያል።

ሦስቱንም ከአንዲት ላም ወተት መሥራት ይቻላል። ታዲያ አንዱ ለምን ይፈረፈራል? ሌላው ለምን ይቆረጣል? ሦስተኛውስ ለምን ይለጠጣል? ብዙ ሰው መልሱን በላሟ ዝርያ፣ በመኖዋ ወይም በባለሙያዋ እጅ ውስጥ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ለጣዕም ድርሻ አላቸው። የአይቡን ጠባይ የሚወስነው ግን ከሁሉ በፊት ወተቱ የረጋበት መንገድ ነው። እንዴት እንደምንበላው፣ ከምን ጋር እንደምናቀርበው፣ ስንት ቀን እንደምናቆየው ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። ይህ ምዕራፍ የሚያስረዳው ይህንኑ አንድ ነገር ነው።

ወተት ውስጥ ያለ ገበያ

በምዕራፍ 2 እንዳየነው ከመቶ እጅ ወተት 87 ያህሉ ውሃ ነው። የቀረው ስብ፣ የወተት ስኳር፣ ማዕድናትና ፕሮቲን ነው። ስቡ ወደ ቅቤ እንዴት እንደሚሄድ በምዕራፍ 5 ተመልክተናል። አሁን የምንከታተለው ፕሮቲኑን፣ ከፕሮቲኑም ኬዝን የሚባለውን ነው። ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዝን ሲሆን፣ አይብ የምንለው ነገር ዋና አካሉ እሱ ነው።

ኬዝን በወተት ውስጥ ሟሙቶ የሚኖር አይደለም። ተሰባስቦ ጥቃቅን እንክብሎች ይሠራል። እንክብሎቹ እጅግ ትንንሽ ስለሆኑ አንድ ሚሊ ሜትር ለመሙላት ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ የሚሆኑት በተርታ መደርደር አለባቸው። ወተት ነጭ ሆኖ የሚታየን ብርሃን በእነዚህ እንክብሎችና በስቡ ጠብታዎች ላይ እየተበተነ ነው።

በጠራራ ፀሐይ የሞላ ገበያ አስቡ። እያንዳንዱ ሰው በአንድ እጁ ጃንጥላ ዘርግቷል፤ ሌላው እጁ ባዶ ነው። ሰዉ ብዙ ቢሆንም ጃንጥላ ከጃንጥላ እየተጋጨ ማንም ከማንም ጋር ተጠግቶ አይቆምም። ትኩስ ወተት ይህን ይመስላል። ሰዎቹ የኬዝን እንክብሎች ናቸው። ጃንጥላው በእያንዳንዱ እንክብል ገጽ ላይ እንደ ጸጉር የቆመ የፕሮቲን ሽፋን ነው። ባዶው እጅ ደግሞ ካልሲየም ነው፤ እንክብል ከእንክብል ጋር የሚጨባበጠው በእሱ ነው። ጃንጥላው እስካልተነካ ድረስ ግን እጆቹ አይደራረሱም፤ ወተቱም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልጉን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ጃንጥላው ምን ሆነ? እጁስ ያዘ ወይስ ለቀቀ?

ጃንጥላው ሲታጠፍ

የእኛ አይብ መነሻው እርጎ ነው። በምዕራፍ 4 እንዳልነው፣ ወተት ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት የወተቱን ስኳር በልተው አሲድ ያወጣሉ፤ ወተቱ ይኮመጥጣል። ኮምጣጣነት የሚለካበት ፒኤች የሚባል መስፈርት አለ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበረታል። ትኩስ ወተት 6.7 አካባቢ ነው። ወደ 4.6 ሲወርድ በእንክብሎቹ መካከል የነበረው መገፋፋት ይጠፋል። ጃንጥላዎቹ ይታጠፋሉ፤ ሰዎቹም ተጠጋግተው ይቆማሉ። ወተቱ ረጋ የምንለው ያኔ ነው።

ይኸው አሲድ ግን ሌላም ሥራ ሠርቷል። ከእንክብሎቹ ካልሲየሙን አሟሙቶ ወደ ውሃው ወስዶታል። ስለዚህ ሰዎቹ ተጠጋግተዋል እንጂ አልተያያዙም። እርጎ በማንኪያ ሲነኩት ወዲያው የሚፈርሰው፣ ውሃም የሚያቀርረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ መግፋት ይመጣል። በወይራ በታጠነ ቅል ወይም እንስራ ውስጥ እርጎው ይገፋል፤ ቅቤው ይወጣል፤ አሬራው ይቀራል። አሬራው ስቡን በአብዛኛው ቢሰጥም ኬዝኑ አልተነካም። በለስላሳ እሳት ሲሞቅ ተጠጋግተው የነበሩት እንክብሎች ይበልጥ ይጨናነቃሉ፤ በመካከላቸው የነበረውን ውሃ ጨምቀው ያስወጣሉ። አይቡ ከላይ ይሰበሰባል፤ አረንጓዴ ቢጤው አጓት ከሥር ይቀራል። ከቀዘቀዘ በኋላ ይጠለላል።

አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) እ.ኤ.አ. በ1988 የገጠር ወተት አያያዝን የሚመለከት መመሪያ አሳትሞ ነበር። አዘጋጁ ፍራንክ ኦማሆኒ ይህን ሥራ በቴርሞ ሜትርና በሚዛን ተከታትሎታል። እንደ መመሪያው፣ ከ8 ሊትር ወተት ቢያንስ 1 ኪሎ አይብ መገኘት አለበት። ከአይቡ ከመቶ 79 ያህሉ ውሃ፣ 15 ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ስቡ 2 እጅ እንኳ አይሞላም። አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ቢሞቅ የአይቡ መጠንም ይዘቱም ብዙ አይለወጥም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ጠቃሚ ስለሆነ ወደ ምዕራፉ መጨረሻ እንመለስበታለን።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ይኸው፦ አይባችን የሚፈረፈረው ጃንጥላው የታጠፈ፣ እጁ ግን የለቀቀ ስለሆነ ነው። ሕንዶች በሎሚ ወይም በኮምጣጤ የሚያረጉት ፓኒርም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ፓኒር የሚጀምረው ቅቤው ካልወጣለት የፈላ ወተት ስለሆነና ከረጋ በኋላ በክብደት ስለሚጫን ይጠብቃል፤ በአራት ማዕዘን ተቆርጦም ይጠበሳል። እሱም ቢሆን እሳት ላይ አይቀልጥም።

ጃንጥላው ሲቆረጥ

ሁለተኛው መንገድ ወተቱ እስኪኮመጥጥ አይጠብቅም። ገና ወተት ብቻ የሚጠባ ጥጃ በአራተኛው ጨጓራው ውስጥ ወተት የሚያረጋ ኢንዛይም አለው፤ ኢንዛይም ማለት አንድን ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ከዚያ ጨጓራ የሚወጣው ማርጊያ ሬኔት ይባላል። ለብ ባለ ወተት ውስጥ ጥቂት ሲጨመርበት በየእንክብሉ ገጽ የቆመውን ሽፋን ይቆርጠዋል። ጃንጥላው አልታጠፈም፤ ከእጀታው ተቆርጦ ወደቀ። ወተቱ ገና ስላልኮመጠጠ ካልሲየሙ በቦታው ነው። ሰዎቹ ሲጠጋጉ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወተቱ በቢላ ሊቆረጥ የሚችል ወጥ የሆነ እርጋታ ይሆናል።

በግብፅ ዱምያጢ የሚባለውና የሱዳኑ ጂብና በይዳ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ግን አንድ ልዩ ነገር አላቸው። በብዙ አገር ጨው የሚገባው አይቡ ከረጋ በኋላ ነው። የግብፅና የሱዳን ባለሙያዎች ግን ገና ከመርጋቱ በፊት ወተቱ ላይ ብዙ ጨው ይጨምራሉ። በሞቃት አገር ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ጨው የማይፈለጉ ሕዋሳትን ከመጀመሪያው ይገታል። አይቡ በራሱ ጨዋማ አጓት ተዘፍዝፎ በታሸገ ቆርቆሮ ሲቀመጥ ለወራት ይቆያል፤ በጭነት መኪናም ከነጭ ዓባይ ዳር ተነሥቶ ሩቅ ከተማ ይደርሳል።

ጃንጥላ የሚቆርጠው የጥጃ ጨጓራ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ዕፅዋትም ይህን ያደርጋሉ። በቤኒን፣ በናይጄሪያና በጋና የሚኖሩ የፉላኒ ሴቶች ዋጋሺ የሚባለውን አይብ የሚያረጉት ጦቢያ ብለን በምንጠራው የቆላ ተክል ቅጠል ጭማቂ ነው። በበጋ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚገቡትና በአካባቢው ፈላታ የሚባሉት አርብቶ አደሮች የዚሁ የፉላኒ ሕዝብ ዘሮች ናቸው። ተክሉም በቆላማው ምድራችን ይበቅላል። ይህን ያነሳሁት ቤታችሁ እንድትሞክሩት አይደለም። የጦቢያ ወተት መርዛማ ነው፤ ዓይንን ይጎዳል፤ መጠኑንና አፈላሉን የሚያውቁት በሙያው ያደጉት ናቸው። ቁም ነገሩ ግን ግልጽ ነው፦ በአንድ አህጉር፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ውስጥ፣ ሰዎች አንዱን ወተት በሦስት የተለያዩ ማርጊያዎች ወደ ምግብነት ቀይረውታል።

ግማሽ እጅ

የሚለጠጠውስ? ፒዛ ላይ ቀልጦ ክር የሚሠራው ሞዛሬላና የተጎነጎነው ጂብና ሙደፈራ የሁለቱንም መንገዶች ጥቂት ጥቂት ይወስዳሉ። መጀመሪያ ወተቱ በሬኔት ይረጋል፤ እጅ ለእጅ ይያያዛል። ቀጥሎ የረጋው ነገር ቀስ ብሎ እንዲኮመጥጥ ይተዋል። ፒኤቹ 5.2 ወይም 5.4 አካባቢ ሲደርስ የካልሲየሙ ከፊል ሟሙቶ ወጥቷል፤ ከፊሉ ግን አለ። ጭብጡ ላልቷል፤ ግን አልተለያየም። በዚህ ጊዜ በሞቀ ውሃ ወይም አጓት ውስጥ ገብቶ ሲጎተት ሰዎቹ እጃቸውን ሳይለቁ እየተንሸራተቱ በረድፍ ይሰለፋሉ። ያ ረድፍ ነው ክር ሆኖ የሚታየን።

ባለሙያው ይህን ሰዓት ካሳለፈውና አይቡ ከልክ በላይ ከኮመጠጠ መለጠጡ ይቀርና መፈርፈር ይጀምራል። ሳይደርስ ቢሞክረው ደግሞ ግትር ሆኖ ይበጠሳል። የሚፈረፈር፣ የሚቆረጥና የሚለጠጥ አይብ እንግዲህ ሦስት የተለያዩ ተአምራት አይደሉም። እጁ ፈጽሞ የለቀቀ፣ አጥብቆ የያዘና ለቀቅ ያደረገ አንድ ኬዝን ናቸው።

በቤት ሊሞከር የሚችል ማረጋገጫ አለ። አንድ መጥበሻ አግሉና በአንዱ ጎን የሞዛሬላ ቁራጭ፣ በሌላው ጎን አንድ ማንኪያ አይብ አስቀምጡ። ሞዛሬላው ይንሰራፋል። አይቡ መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል፤ ከዚያ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ዳር ዳሩ ይጠበሳል። ሊቀልጥ የሚችል ጭብጥ የለውም፤ እሳቱ የበለጠ ያጨናንቀዋል እንጂ። አይብ ፒዛ ላይ አልቀለጠም ብሎ መውቀስ እንግዲህ ፍርደ ገምድልነት ነው። የእሱ ጥበብ ሌላ ቦታ ነው።

ገንዲ፣ ሰፈራና የአሶሳ ገበያ

ወደ አሶሳ እንመለስ። የአይብ ታሪክ ሁልጊዜ ከላም ይጀምራል፤ አሶሳ ያለችበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ለላም የማይመች ሰፊ ምድር ነው። በዓባይ፣ በዳቡስ፣ በዴዴሳና በበለስ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ አለ። ጸጸ የምንለው ይህ ዝንብ ደም ሲመጥ ትሪፓኖሶም የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ውጤቱ አርሶ አደሩ ገንዲ የሚለው በሽታ ነው። ላሟ ትከሳለች፣ ደሟ ያንሳል፣ ወተቷ ይነጥፋል፣ ካልታከመች ትሞታለች። አሶሳ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ከሚከታተላቸው ዋና ዋና ችግሮች አንዱ ይኸው ነው።

የበርታና የጉሙዝ ባህላዊ ማዕድ በዋናነት በማሽላና በመሰል እህሎች ገንፎ፣ በባሚያ ወጥ፣ በፍየልና በዶሮ ላይ መቆሙ በዚህ በኩል ሲታይ አያስገርምም። የአየሩና የዝንቡ ሁኔታ የመረጠው ማዕድ ነው። ወተት ያለበት ማዕድ በሰፊው የመጣው ከሰው ጋር ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰዎችን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ አሶሳ ዙሪያና መተከል ውስጥ ያለችው ፓዌ ከዋና ዋናዎቹ መዳረሻዎች መካከል ነበሩ። ሰፋሪው ንብረቱን ይዞ ባይመጣም ሙያውን ይዞ መጥቷል። ወይራ ማጠን፣ እርጎ መግፋት፣ አሬራ ማሞቅ ጓዝ የማይፈልግ እውቀት ነው። ከብት መርባት በቻለበት ቦታ ሁሉ ይህ እውቀት ሥራ አገኘ።

ቆላው ግን ሙያውን በራሱ መንገድ ይፈትነዋል። በሙቀት ወተት ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ይህ ለአይብ ጥሩ ነው። ቅቤ ለማውጣት ግን ሙቀት ጠላት ነው። በምዕራፍ 5 እንዳየነው የስብ ጠብታዎች ተጣብቀው ወደ ቅቤ የሚለወጡት ለዘብ ባለ ቅዝቃዜ፣ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ስቡ ይላላና ከፊሉ በአሬራው ውስጥ ይቀራል። ጎህ ሲቀድ መግፋት ለዚህ ይረዳል። ረፋድ ላይ የተገፋ እርጎ ቅቤው ያንሳል። አይቡ ግን የቀረውን ስብ ስለሚወስድ ይለሰልሳል፤ ይጣፍጣልም። ቅቤ ሻጯ የከሰረችውን አይብ በሊታው አተረፈ ማለት ነው።

ሙቀቱ በአይቡ ዕድሜም ላይ ይፈርዳል። ብዙ ውሃ ያለው፣ ጨው የሌለው ነገር በቆላ ገበያ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ እርሾና ሻጋታ ይሠለጥንበታል። ኮምጣጣነቱ ብዙ ሕዋሳትን ይገታል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አይበግራቸውም። ስለዚህ የአሶሳ አይብ የሰፈር ምግብ ሆኖ ይቀራል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ያልቃል፤ ረጅም መንገድ አይወጣም። የኩርሙክ ማዶው ቆርቆሮ ግን ድንበርና ወቅት ያቋርጣል።

ምላስ ላይ የሚሆነው

የረጋበት መንገድ አበላሉን ይወስናል ያልነው እዚህ ላይ ፍሬ ያፈራል። አይብ እጁን ስለለቀቀ በአፍ ውስጥ ያለ ጥርስ እገዛ ይበተናል። ጨው ስለሌለው ሌላ ጣዕም ለመቀበል ባዶ ቦታ አለው። ኮምጠጥ ስለሚል ቅባት የበዛበትን ምግብ ያቀላል። ሦስቱ ጠባዮች ተደምረው የእኛን ማዕድ አስተካክለውታል።

የዶሮ ወጥን ቃጠሎ አስቡ። የበርበሬ ማቃጠል የሚመጣው ካፕሳይሲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ ነገር በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት የማይጠቅመው ለዚህ ነው። ኬዝን ግን ካፕሳይሲንን ይዞ ከምላስ ላይ ያነሳዋል። እንጀራው ዳር ላይ የምትቀመጠው የአይብ ጉብታ እንግዲህ ማስዋቢያ ብቻ አይደለችም። በሚፈረፈር መልኳ ወጡ ውስጥ ገብታ በየጉርሻው ትበተናለች። የሚቆረጥ አይብ ይህን ሥራ በዚህ ፍጥነት አይሠራም።

በጉራጌ ማዕድ ክትፎ፣ አይብና ጎመን አብረው የሚቀርቡት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ክትፎው በቅቤና በሚጥሚጣ የበረታ ነው፤ አይቡ ይመልሰዋል፤ ቆጮው ሁሉንም ይሸከማል። አንዳንዱ አይቡን ራሱን በንጥር ቅቤ፣ በኮረሪማና በሚጥሚጣ ያሸዋል፤ አሬራው የሰጠውን ቅቤ በቅመም መልሶ ይቀበላል ማለት ነው። ጎመን በአይብ የሚወድ አለ። ጤና አዳም ጣል አድርጎ ለብ እንዳለ የሚበላም አለ። በእኔ ግምት አይብ ከሁሉ በላይ የሚጣፍጠው ከተጠለለ በኋላ ገና ሙቀቱ ሳይወጣ ነው፤ የወይራው ጭስ በደንብ የሚሸተው ያኔ ነውና።

የሱዳኑ ጂብና በይዳ ደግሞ ጨዋማና ጠንካራ በመሆኑ ጉብታ ሆኖ አይቀርብም። ትንሽ ትንሹን ነው የሚበላው። ፉል ላይ ከሰሊጥ ዘይት ጋር ሲነሰንሱት የምግቡን ጨው ይተካል። ዳቦ ውስጥ ይገባል። አይብ ቃጠሎን ሲያበርድ ጂብና ልስልሱን ያጠነክራል። ፉል የቁርስ ምግብ በሆነበት በአሶሳም በአዲስ አበባም ይህን ልዩነት በአንድ ጠዋት መቅመስ ይቻላል። ግማሹን ሳህን በአይብ፣ ግማሹን በጨዋማ ነጭ አይብ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ዕድሜ የሚገዛው ነገር

ትኩስ አይብ አጭር ዕድሜ ያለው መሆኑ የበዓል አቆጣጠራችንንም ነክቶታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ለ55 ቀን ሁዳዴ ሲገባ ቅቤውን አንጥሮ ሊያቆየው ይችላል፤ አይቡን ግን አይችልም። ቅበላ ላይ የሚበላው፣ ለፋሲካ ደግሞ እንደ አዲስ የሚሠራው ስለዚህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሙስሊሙ 45 በመቶ ያህል፣ ኦርቶዶክሱ 33 በመቶ ያህል ነበር። የአንዱ ጾም ለሌላው ፍስክ በሆነበት ከተማ ወተት ሻጭ ዓመቱን ሙሉ ገዢ የማግኘት ዕድል አለው።

አይብን ማቆየት ፈጽሞ የማይሞከር ግን አይደለም። ከመተከል አጠገብ ባለው ጎጃም መጣጣ አይብ የሚባል አለ። ትኩሱ አይብ ውሃው በደንብ ይጠለላል፤ ቅመማ ቅመም ይገባበታል፤ ታፍኖ እንዲብላላ ይተዋል። ውሃው ሲቀንስ፣ ኮምጣጣነቱ ሲበረታ፣ ቅመሙ ሲያግዝ ለወራት ይቆያል። ሱዳን በጨው የገዛችውን ዕድሜ ጎጃም በማድረቅና በማብላላት ገዝቶታል። ማርጊያው ግን ያው ነው፤ ጃንጥላው የታጠፈ፣ እጁ የለቀቀ። ስለዚህ መጣጣ ሲበላ ይጎመዝዛል፣ ይፈረፈራል እንጂ በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ አይቀርብም።

እሳቱን እስከ የት?

አሁን ወደ ኦማሆኒ ቁጥር እንመለስ። ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል የአይቡ መጠን ብዙ ካልተለወጠ የትኛውን እንምረጥ? ብዙ ቤት ጣትን መለኪያ አድርጎ ለብ ሲል ያወርደዋል። 40 ዲግሪ ግን በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን አይገድልም፤ እንዲያውም ለአንዳንዶቹ ምቹ ነው። ወተትን ከጎጂ ተሕዋስያን ለማጽዳት ከሚታወቁት ዘዴዎች አንዱ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ነው። አይብ የሚሠራ ሰው አሬራውን ወደ 65 ዲግሪ ገደማ አድርሶ ለግማሽ ሰዓት ቢያቆየው ምንም ሳይከስር ደኅንነት ያተርፋል። ከዚያ በላይ አሙቆ ማንተክተክ ግን አይበጅም፤ እንክብሎቹ ከልክ በላይ ይጨናነቁና አይቡ ደረቅና ሻካራ ይሆናል። በሚሞቅበት ጊዜ ደጋግሞ ማማሰልም እርጋታውን ሰባብሮ ከአጓቱ ጋር እንዲፈስ ያደርገዋል።

ከእሳት ከወረደ በኋላ የሚነካው እጅ፣ የሚጠቀለልበት ቅጠል፣ የሚጠለልበት ጨርቅ ንጹሕ ካልሆነ የእሳቱ ሥራ ከንቱ ነው። የአገራችንን አይብ ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዱ የሆኑት የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪው ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት፣ ለገበያ የሚቀርብ አይብ ምን ያህል ብዙ ሕዋሳትን ሊሸከም እንደሚችል አሳይቷል። አጓቱንም አትድፉት። የወተቱ ስኳር አብዛኛው፣ ከፕሮቲኑም አንድ አምስተኛ የሚጠጋው፣ አሲዱ ያሟሟው ካልሲየምም በእሱ ውስጥ ነው። ጥጃ ይጠጣዋል፤ ሰውም ይጠጣዋል። የሚቀጥለው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ የአጓት ነው።

ቆላማ አካባቢ ወተት የሚያመርት ወጣት አሶሳ ውስጥ የአይብ ሥራ ልጀምር ቢል፣ ከዚህ ምዕራፍ የሚወስደው ምክር ቀጥተኛ ነው። ገዢው የሰፈር ሰው ከሆነና ዶሮ ወጥ ወይም ክትፎ ዳር የሚቀርብ ነገር ከፈለገ፣ ማርጊያው ጊዜና እሳት ብቻ ነው፤ መክሰሪያው ደግሞ ያልተሸጠው የማታ ትርፍ ነው። ገዢው ሩቅ ከሆነ ሬኔትና ጨው ይግዛ፤ የሚሸጠው በቢላ የሚቆረጥ አይብ ይሁን። ፒዛ ቤት ካሰበ ፒኤች መለኪያ ያስፈልገዋል፤ የሚለጠጠው አይብ ሰዓቱን ካሳለፈ አይመለስምና። ላሟን ከመግዛቱ በፊት፣ የገንዲውን መድኃኒት ከመጠየቁም በፊት፣ አይቡን ማን በምን እንደሚበላው ይወቅ። እንዴት እንደሚያረጋው የሚነግረው ያ ነው።